ሁለት ሺህ ካሬ

ቱሉ ዲምቱ አደባባይ፣ ታክሲው በሚዞርበት፣
እልፍነሽ በቆሎ ትጠብሳለች፣ ላስቲክ ወጥራ፣ ካፊያው እየመታት።
በልቶ የጨረሰ ሁሉ ቆረቆንዳውን ሲወረውር
እኔ ከኋላ እለቅማለሁ፣ በማዳበሪያ ከረጢት፣ አንድም ሳይቀር።
«ላም አለሽ እንዴ?» አለኝ አንድ ወያላ።
«የለኝም።»
«ታዲያ ይሄን ማን ሊበላ?»
«እሳት።»
ሳቀብኝ። «እሳትማ ያገኘውን ይበላል፤
ደግሞ ለእሱ ማን ይለቅማል!»

ቂሊንጦ ነን። ክፍላችን ከግቢው ጥግ፣ ከጄኔሬተሩ ቤት አጠገብ፤
መብራት ሲሄድ እቶኑ ይሞታል፣ የጎረሰውን ሳያላምጥ፣ ሳይጠግብ።
ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም፤ ነዳጁ ደብዳቤ ይፈልጋል፤
ደብዳቤው ፊርማ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ውሏል።
መብራት የሚይዝ ዕቃ ልንሠራ
መብራት እየጠበቅን እናድራለን፣ ተራ በተራ።
ሦስት ጊዜ ጀመርን። አንዱ አመድ ሆኖ ወጣ፤
አንዱ ግማሹ ጥሬ፤ አንዱስ እንጃ፣ ገለባ ገለባ ሸተተ፣ መላ አጣ።

አራተኛው ያዘ።
መጀመሪያ ማድረቅ ነው፣ መውቀጥ፣ በወንፊት መንፋት፤
ከዚያ አየር በሌለበት ማክሰል፣ ነበልባል ሳያሳዩት፣
ጭሱ ሄዶ አጥንቱ እንዲቀር።
ከዚያ ፖታሽ። ፖታሽ የሚምረው ነገር የለም።
ሰባት መቶ ዲግሪ ላይ ገብቶ ይቦረቡራል፣ እንደ ነቀዝ፤
ገበሬ ጎተራውን ደፍኖ የሚሸሸውን እኛ በሚዛን ለክተን የምንጋብዝ።
ከዚያ ማጠብ። ሊትመሱ መልኩን መለወጥ እስኪተው፣ ክንዴ እስኪዝል ማጠብ።
የሚተርፈው ጥቁር ዱቄት፣ እፍኝ የማይሞላ፤ ቢያስነጥሱ የሚበተን ጥበብ።

ጋሽ ቱፋ የሌሊት ጥበቃ ናቸው፤ ካፖርታቸው ርሶ፣ እቶኑን ሊሞቁ ገቡ።
«ይሄን ጥላሸት ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ፣ ወደ ሚዛኑ እየቀረቡ።
«ቀዳዳ ነው፣ ጋሽ ቱፋ። ሁለመናው ቀዳዳ፤
መብራት የሚያድርበት ጓዳ፣ የጓዳ ጓዳ።
የአንዷን ግራም ግድግዳ ሁሉ አንጥፈው ቢለኩት
ሁለት ሺህ ካሬ ይወጣዋል።»
ዝም አሉ። ዶማ በጨበጠ መዳፍ ጉልበታቸውን አሹት።
ካሬ የምትለዋን ቃል ያውቋታል፤
ማኅተም ተመትቶባት፣ በሦስት ኮፒ፣ አይተዋታል።

«ይህ ግቢ ሳይታጠር፣» አሉ፣ «ከእቶንሽ እስከዚያ ባሕር ዛፍ
በቆሎ ነበር፤ የኔ። ሰው ገብቶ የሚጠፋበት፤ ሲነፍስ የሚያወራ፣ ያለ አፍ።
እኔ አምስት ጥማድ እለው ነበር። እነሱ መጥተው፣ በሜትር፣
አሥራ ሁለት ሺህ ካሬ አሉት።»
ጣታቸውን እያጠፉ ያዙ ቁጥር።
«እንግዲያ መሬቴ ስድስት ግራም ናት» አሉ።
አልሳቁም። እኔም።
ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ የራሱን ይቆጥር ነበር።

ዱቄቱን ከሙጫ ለውሼ፣ በቀጭን ብረት ላይ ቀብቼ፣
የሳንቲም መጠን ያላቸውን ሦስት ደረደርኩ፣ ኃይል ሞልቼ።
መብራት እንደ ልማዱ ሄደ። አስቤበት አይደለም።
ሽቦውን አነካካሁ፤ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቀይ አምፖል በራች፤
የጋሽ ቱፋን ጢም ብቻ፣ ከዚያ ሁሉ ጨለማ፣ መርጣ አወጣች።
ቆጠሩ፤ ድምፅ አውጥተው፣ በአፋን ኦሮሞ።
አርባ ላይ ሲደርሱ ጠፋች፤ ጨለማው መጣ ደግሞ።

እልፍነሽ ጠዋት «ምን ወጣው?» አለችኝ፣ ከሰሏን እያራገበች።
«አርባ።»
«ብር?»
«ሰከንድ።»
ዝም ብላ አየችኝ፤ ከረጢቴን ግን ሞላች።

በሦስተኛው ሌሊት ጋሽ ቱፋ ከካፖርታቸው ኪስ
ሁለት ቆረቆንዳ አወጡ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ እንዳይርስ።
«ከአጥሩ ሥር፣ ካሜራው በማያየው በኩል፣ ጥቂት ዘርቼ ነበር።
ለማንም አታውሪ።
እስቲ አርባ አንድ ይሞላ እንደሆነ እንሞክር።»